ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ የአራት ቀን የእግር ጉዞ፦ ልሂድ ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ "46 ዓመቴ ነው። ደብረ ማርቆስ መምህርት ነኝ። የቀኝ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ከነብብቱ ንፍፊት በኦፕራሲዮን ወጥቶልኛል። ቀዩን ኬሞ አራት ጊዜ፣ ፓክሊታክሴል አራት ጊዜ ወስጃለሁ። ጨረሩን አዲስ አበባ ጨርሼ ከተመለስኩ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። አሁን ታሞክሲፈንና የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ሐኪሜ 'ነጻ ነሽ' ብሎኛል። ባልደረቦቼ በኅዳር መጨረሻ ከደብረ ማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላም የአራት ቀን የእግር ጉዞ አዘጋጅተዋል። ገንዘቡ ለሕክምና አዲስ አበባ ለሚመላለሱ የካንሰር ታማሚዎች ትራንስፖርትና ማደሪያ ነው። ባነር ይዤ ከፊት እንድሄድ ጠየቁኝ፤ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ወንድሜ ግን 'ደምሽ ሲሞቅ በሽታው ይነሳል፣ ምችም ይመታሻል' ብሎ ተቆጣኝ። ጎረቤቴ ደግሞ 'ላቡ የኬሞውን መርዝ ያወጣልሻል፣ ሂጂ' ትለኛለች። የውስጥ እግሬ አሁንም ይደነዝዘኛል፤ ሌላ ችግር የለብኝም። በቀን ግማሽ ሰዓት በእግሬ እየተጓዝኩ ሥራ እሄዳለሁ። ልሂድ ወይስ ልተው?"

መልስ፦ ይሂዱ። ሙሉውን መንገድ ግን በእግር አይጨርሱት። በየቀኑ ጠዋት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይራመዱ፤ የቀረውን በመኪና ይሂዱ። ይህም ቢሆን የልብ አልትራሳውንድና የደም ምርመራ አድርገው፣ ከፊትዎ ያሉትን 12 ሳምንታት በሚገባ ከተዘጋጁ ነው። ምክንያቱን በዝርዝር እጽፋለሁ። ምክንያቱን ሳያውቁ የተቀበሉት ምክር ሁለተኛው ቀን ላይ ጓደኞችዎ "በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረው" ሲሉ ይረሳል።

ወንድምዎ የተቆጡት ስለሚወዱዎት ነው። ሐሳቡ ግን ትክክል አይደለም። ካንሰር ደም ስለሞቀ ወይም ልብ ቶሎ ቶሎ ስለመታ አይነሳም፤ አይሰራጭምም። በሽታው የሚመለሰው ከሕክምናው ያመለጡ ሴሎች ካሉና እነሱ እንደገና ማደግ ከቻሉ ነው። እርምጃ እነዚህን ሴሎች አይቀሰቅስም። እንዲያውም ያለን መረጃ ወደ ሌላው አቅጣጫ ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ኬሞ የጨረሱ 889 የአንጀት ካንሰር ታማሚዎችን ተከታትሏል። ለሦስት ዓመት በአሠልጣኝ እየታገዙ ሲንቀሳቀሱ ከነበሩት ውስጥ 80 በመቶው አምስተኛው ዓመት ላይ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት ነበሩ። ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ውስጥ ደግሞ 74 በመቶው። ጥናቱ የአንጀት ካንሰር እንጂ የጡት አይደለም፤ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እርስዎ አላመጣውም። "መንቀሳቀስ በሽታውን ይቀሰቅሳል" የሚለውን ፍርሃት ግን ያፈርሰዋል።

የጎረቤትዎ ሐሳብም ስህተት ነው፤ እንዲያውም የበለጠ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ኬሞ በላብ አይወጣም። ጉበትና ኩላሊት አብዛኛውን በቀናት ውስጥ ያስወግዱታል። ከዓመት በኋላ በሰውነትዎ ያለው የመድኃኒቱ ቅሪት ሳይሆን መድኃኒቱ ትቶት የሄደው ጉዳት ነው። "ላቡ መርዙን ያውጣልኝ" ብለው ጋቢ ደርበው፣ ውሃ ሳይጠጡ በፀሐይ የሚራመዱ ሰዎች አሉ። እባክዎ እንደዚያ አያድርጉ።

የእርስዎ ስህተት ደግሞ "ነጻ ነሽ" የሚለውን ቃል የተረዱበት መንገድ ነው። ሐኪምዎ የነገሩዎት በምርመራ የሚታይ ካንሰር እንደሌለ ነው። ልብዎ፣ ነርቭዎ፣ ክንድዎና ጡንቻዎ ከሕመሙ በፊት ወደነበሩበት ተመልሰዋል ማለታቸው አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጉዞው ዕቅድ መሠራት ያለበት በሁለተኛው ላይ ነው።

ከልብ እንጀምር። ቀዩ ኬሞ ያሉት ዶክሶሩቢሲን ነው። ብዙ ሴቶችን ያዳነ መድኃኒት ነው፤ ግን የልብን ጡንቻ ሊያደክም ይችላል። ድካሙ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ነው የሚወጣው። በተለመደው መጠን አራት ዙር ማለት በጠቅላላው በአንድ ስኩዌር ሜትር የሰውነት ስፋት 240 ሚሊግራም ነው። ከፍተኛ ስጋት የሚባለው ከ250 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከመስመሩ በታች ነዎት፤ የራቁ ግን አይደሉም። ጨረሩ በቀኝ በኩል መሆኑ ይረዳዎታል፤ የግራ ጡት ጨረር ነው ልብን በይበልጥ የሚነካው። የደም ግፊት ያለብዎት መሆኑ ደግሞ ስጋቱን ይጨምራል። በጥያቄዎ "ሌላ ችግር የለብኝም" ብለዋል። ግፊት ከዶክሶሩቢሲን ጋር ሲደመር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ኢኮ የሚባለውን የልብ አልትራሳውንድ በመስከረም ውስጥ ያሠሩ። ደብረ ማርቆስ ካላገኙ ባሕር ዳር ይሂዱ። ውጤቱ ላይ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን እንደሚረጭ ይጻፋል። ቁጥሩ ከ50 በታች ከሆነ ጉዞው ለዘንድሮ ይቅር፤ በቀጥታ ወደ ልብ ሐኪም ይሂዱ። ኬሞ ከመጀመርዎ በፊት የተሠራ ኢኮ ካለ ወረቀቱን ይዘው ይቅረቡ። ከ65 ወደ 53 የወረደና ድሮም 55 የነበረ ልብ አንድ አይደሉም። የደም ምርመራው በዋነኛነት ለደም ማነስ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ለኖረ ሰው ከፍታው ችግር አይደለም፤ ደም ማነስ ሲጨመርበት ግን ትንሿ ዳገት ትንፋሽ ታሳጥራለች።

የግፊት መድኃኒትዎን ስም አልጻፉልኝም። ሽንት የሚያበዛው ዓይነት፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ፣ በሙቀት ሲራመዱ ውሃና ጨው ያሳጣዎታል። አምሎዲፒን ከሆነ ደግሞ እግር ያሳብጣል። የጉዞው ቀናት ላይ ሰዓቱ ወይም መጠኑ ይቀየር እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።

ቀጥሎ የውስጥ እግርዎ። በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ነው የጠቀሱት፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሁለተኛው ኬሞዎ፣ ፓክሊታክሴል፣ የእጅና የእግር ጫፍ ነርቮችን ይጎዳል። ብዙ ሴቶች ላይ በወራት ውስጥ ይሻላል፤ የተወሰኑት ላይ ይቀራል። ከዓመት በኋላም የሚደነዝዝ እግር ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ የሚረግጡትን መሬት በደንብ ስለማይነግርዎት ቁርጭምጭሚት በቀላሉ ይጠመዘዛል። ሁለተኛ፣ ጫማ ሲልጥዎት አይነግርዎትም። ጤነኛ እግር ውሃ መቋጠር ሲጀምር ያቃጥላል፤ ሰውየውም ቆም ብሎ ካልሲውን ያስተካክላል። የደነዘዘ እግር ግን እስኪደማ ዝም ይላል።

መንገዱም ለእግር ጣት አይመችም። ፍኖተ ሰላም ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በአማኑኤል፣ በደምበጫና በጅጋ ሲታለፍ ሲደመር የሚወርደው ከሚወጣው ይበልጣል። ብዙ ሰው "ቁልቁለት ነው፣ ቀላል ነው" ይላል። ቁልቁለት ለትንፋሽ ቀላል ነው። ለጉልበት፣ ለጭን ጡንቻና ለጣት ጥፍር ግን ከባድ ነው። ጣቶች ቀኑን ሙሉ የጫማውን አፍንጫ ይመታሉ።

ስለዚህ ጫማዎ ከተለመደው ቁጥር በግማሽ ወይም በአንድ የሚበልጥ፣ ሶሉ ወፈር ያለ ስኒከር ይሁን። አሁኑኑ ገዝተው በልምምዱ ይለማመዱት። ለጉዞው ተብሎ በዋዜማው የተገዛ ጫማ አይለበስም። አዘጋጆቹ ከቲሸርቱ ጋር ጫማ ቢያድሉም እንኳ አይቀይሩ። ጥፍርዎን ከሦስት ቀን በፊት ይቁረጡ። ካልሲው ስፌቱ የማይቆረቁር ይሁን፤ መቀየሪያም ይያዙ። በየሰዓቱ ቁጭ ብለው ጫማዎን አውልቀው እግርዎን በዓይንዎ ይዩ። ባይሰማዎትም ይዩ፤ የሚያዩት ስለማይሰማዎት ነው። የቀላ ቦታ ካለ ያኔውኑ ፕላስተር ይለጠፍበታል። ውሃ የቋጠረውን በመርፌ አያፍርጡት።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ማታ ስትደርሱ የምታድሩበት ቤት ባለቤቶች ሙቅ ውሃ በሳፋ አቅርበው እግራችሁን ሊያጥቡ ይመጣሉ። የጎጃም ሰው መንገደኛን እንዲህ ነው የሚቀበለው። ይቀበሉ፤ ግን ውሃውን በእግርዎ አይለኩ። በክርንዎ ይለኩ። የደነዘዘ እግር የሚያቃጥል ውሃ ውስጥ ገብቶ "ደስ ይላል" ሊል ይችላል። እንዲህ የተላጠ እግር ይዘው የሚመጡ ታማሚዎች አሉ፤ ቁስሉም ለመዳን ሳምንታት ይፈጃል።

ሦስተኛው ክንድዎ ነው። የብብት ንፍፊት ሲወጣና በጨረር ሲመታ ፈሳሽ ከክንድ ወደ ደረት የሚመለስበት መንገድ ይጠብባል። እስካሁን ባያብጥም ስጋቱ ዕድሜ ልክ አለ። "ቀኝ እጅሽን አታንቀሳቅሺ፣ ምንም አታንሺ" የሚለው የቆየ ምክር ግን ተሽሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት የክንድ እብጠት የነበረባቸውን 141 ሴቶች ወስዶ ግማሾቹን ቀስ በቀስ ክብደት አስነስቷቸዋል። እብጠቱ አልባሰባቸውም። እንዲያውም ሲያነሱ የነበሩት ላይ የሚያባብሰው ክስተት አነስ ብሎ ተገኝቷል። ጡንቻ ሲኮማተር ፈሳሹን ወደ ላይ ይገፋዋል። ክንድን የሚጎዳው ለሰዓታት ተንጠልጥሎ መቆየት፣ ሙቀትና ቁስል ነው።

ባነሩን እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞት የሚሄድ ባነር ማለት ክንድ በአንድ ቦታ ደርቆ፣ ነፋስ እየጎተተው፣ ለሰዓታት መቆየት ነው። ለእርስዎ ክንድ ከዚህ የከፋ አያያዝ አላውቅም። ባነሩን ሌላ ሰው ይያዝ። እርስዎ ዱላ ይያዙ። ቀላል የባሕር ዛፍ ዱላ ወይም ምርኩዝ ይበቃል፤ በየሩብ ሰዓቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውሩት። ጣት እየጨበጠ ሲፈታ ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፣ ለደነዘዘው እግርም ሦስተኛ እግር ይሆንልዎታል። በየግማሽ ሰዓቱ ቀኝ ክንድዎን ከራስዎ በላይ አንስተው ዐሥር ጊዜ ይጨብጡ፣ ይፍቱ። ቦርሳ በቀኝ ትከሻ አይንጠልጠል። የሚያስፈልገው ውሃ፣ ፕላስተርና መድኃኒት ብቻ ስለሆነ በወገብ የሚታሰር ትንሽ ቦርሳ ይሻላል። ቀለበትና አምባር ከቀኝ እጅ ይውለቁ።

ስንራመድ የሁላችንም ጣቶች ትንሽ ያብጣሉ፤ ይህ አያስፈራዎ። ክንድ ከፍ ተደርጎ ሲታረፍ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። ጠዋት ሲነሱም ያበጠ፣ የከበደ ወይም ጣት ሲጫኑት የሚጎደጉድ ከሆነ ግን የዚያ ቀን እርምጃ ይቀራል። የሚያጠብቅ የክንድ ካልሲ ተለክቶ ተሰጥቶዎት ከነበረ ይልበሱት። ካልተለካልዎት ከሰው ተውሰው አይልበሱ፤ በፋሻም አይጠቅልሉት። በትክክል ያልተለካ ካልሲ ከምንም ይብሳል። በዚያ ክንድ ላይ ቀልቶ የሚሞቅ ቦታና ትኩሳት ከታየ ደግሞ የቆዳ ኢንፌክሽን ነው። "ነገ አያለሁ" አይባልም። በዚያው ቀን አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት። በእሾህ መጫርም ሊያመጣው ስለሚችል በአጥር ጥግ ሲያልፉ ረጅም እጅጌ ይልበሱ።

የሚወስዱት የሆርሞን መድኃኒት፣ ታሞክሲፈን፣ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል ወደ ሁለትና ሦስት እጥፍ ያሳድጋል። ዕድሉ ከመነሻው ትንሽ ስለሆነ እጥፍ ሲሆንም ብዙ አይደለም። መራመድ ራሱ ይከላከላል። እኔን የሚያሳስበኝ የመልሱ ጉዞ ነው። አራት ቀን የደከመ፣ ውሃ ያነሰው ሰው ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ ሲቀመጥ የእግሩ ደም ዝውውር ይዘገያል። መንገድ ላይ ወርደው ይንቀሳቀሱ፣ ውሃ ይጠጡ። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከታመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ወንድምዎ "ምች" ያሉት ፀሐዩን ከሆነ፣ በዚህ እስማማለሁ። ኅዳር ጠዋት ይበርዳል፣ ቀን ላይ ደመና የለም፣ ደጋ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጨረር የመታው ቆዳ ለዓመታት ፀሐይ አይችልም። አንገትዎን፣ የቀኝ ትከሻዎንና ደረትዎን በነጠላ ይሸፍኑ፤ ሰፊ ባርኔጣ ያድርጉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስተው 4 ሰዓት ላይ የድርሻዎን ይጨርሱ። 10 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ኃይለኛው ፀሐይ ሳይመጣ የሚያልቅ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ልምምዱ። መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአራት ቀን ሲካፈል በቀን 20። እርስዎ አሁን በአንድ ጊዜ የሚሄዱት ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በ12 ሳምንት ከሁለት ወደ 20፣ ያውም አራት ቀን በተከታታይ፣ ለጤነኛም ይከብዳል። ወደ 12 መድረስ ግን ይቻላል። በሳምንት አራት ቀን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይራመዱ። ከእነዚህ በተጨማሪ ቅዳሜ አንድ ረዘም ያለ መንገድ ይኑር። በመጀመሪያው ሳምንት 5 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ እየጨመሩ ይሂዱ። በአራተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ቀነስ ያድርጉ። ዐሥረኛው ሳምንት ላይ 12 ይደርሳሉ። ከሰባተኛው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለተኛ እርምጃ ይጨመር። በደከመ እግር መራመድን መልመድ አለብዎት፤ የብዙ ቀን ጉዞ ዋናው ፈተና እሱ ነው። የመጨረሻዎቹ ዐሥር ቀናት ዕረፍት የበዛባቸው ይሁኑ።

ፍጥነቱን በሰዓት አይለኩት። እያወሩ መራመድ ከቻሉ ልክ ነው። መዝሙር መዘመር ከቻሉ ቀርፋፋ ነው፤ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ፈጥነዋል። ከካንሰር ሕክምና በኋላ የሚቀረው ድካም ከተራ ድካም ይለያል፤ በእንቅልፍ አይለቅም። ብዙዎች በዕረፍት ሊያድኑት ይሞክራሉ፣ እየተኙ ይበልጥ ይዝላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት መንቀሳቀስ ይህን ድካም እንደሚቀንስ ያስረዳል። ስለዚህ ጉዞው ቢቀርም ልምምዱ አይቅርብዎ። ከእርምጃ በኋላ ያለው ድካም በማግስቱ ጠዋት ከለቀቀ ጥሩ ነው። ሁለት ቀን ከቆየ የቀጣዩን ሳምንት አሳጥሩት ማለት ነው።

ዐሥረኛው ሳምንት ላይ ራስዎን ይፈትኑ። ቅዳሜ 12፣ እሑድ 10 ኪሎ ሜትር ሄደው ሰኞ ክፍል ገብተው ቆመው ማስተማር ከቻሉ ለጉዞው ዝግጁ ነዎት። ካልቻሉ የቀን ድርሻዎ 5 ኪሎ ሜትር ይሁን። ይህን ለራስዎ አስቀድመው ቃል ይግቡ፤ በጉዞው ዋዜማ ስሜት ይገባበታል።

ቀኑን ሳይ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 እንደሚገባ አስታወስኩ። ጉዞው ጾም ላይ ነው። የጾም ምግብ ለእርምጃ አያንስም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ዳቦ፣ ሙዝ ሁሉ ኃይል ይሰጣሉ። በጉዞው ቀናት ግን እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መራመድ አይፈቀድልዎትም። ይህን እንደ ሐኪም በግልጽ እላለሁ። ንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያነጋግሩ፤ ያለብዎትን ሁሉ ይንገሯቸው። ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት ይብሉ፣ በመንገድ ላይ በጥማትዎ ልክ ይጠጡ። በሶውን ጨው ጣል አድርገው ቢበጠብጡት ከብዙ የታሸገ መጠጥ ይሻላል። ጠላና አረቄ ሲቀርብልዎት ግን በአክብሮት ይለፉት።

አሁን ስለ አዘጋጆቹ። ከካንሰር የዳነ ሰው ከፊት ሲሄድ ሕዝቡ ልቡ ይነካል፣ እጁንም ይዘረጋል። ዓላማው ትልቅ ነው። የጨረር ሕክምና በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሳምንታት የሚሰጥ ነው። ከጎጃም የሄደ ገበሬ ሕክምናውን የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ ማደሪያና እህል ስላጣ ነው። እርስዎ ይህን በዓይንዎ አይተዋል። ነገር ግን ምልክት የሆነ ሰው ማቆም ያቅተዋል። "እሷ ከቆመች ሰው ምን ይላል" ይባላል። እርስዎም ለራስዎ እንዲሁ ይላሉ። እግሩ እየደማ የጨረሰ ሰው ይጨበጨብለታል፤ ቁስሉን የሚያስታምመው ግን ብቻውን ነው።

ስለዚህ አሁኑኑ ከአዘጋጆቹ ጋር ቁጭ ብለው ሦስት ነገር ይስማሙ። መዋጮው በሄዱት ኪሎ ሜትር አይቆጠር። በየቀኑ የጠዋቱን ድርሻ ብቻ እንደሚራመዱ ከመጀመሪያው ለሁሉም ይነገር፤ ያኔ መኪና ውስጥ መግባትዎ መሸነፍ አይመስልም። አጃቢ መኪና ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ይኑር፤ በመንገዱ ላይ ያሉትን ጤና ጣቢያዎች የሚያውቅ ሰው ውስጡ ይቀመጥ። ሆስፒታል በሁለቱ ጫፎች፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አለ። በአስፋልቱ ላይ በግራ በኩል፣ ከፊት የሚመጣውን አይሱዙ እያያችሁ ሂዱ። የመንገዱ ጸጥታ በዚያ ሳምንት ካልተረጋገጠ፣ አራቱን ቀን በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ወጥቶ መመለስ ይሻላል። መንገድ ከተዘጋ ታማሚ ማድረስ አይቻልምና። ማታ ቤት ማደሩ ለእርስዎም ይመቻል፤ ገንዘቡም አይቀንስም።

በመኪና ቀድመው ሲደርሱ የሚሠሩት ሥራ ደግሞ ከእርምጃው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አርፈው፣ እግርዎን ከፍ አድርገው፣ ቡና ጠጥተው፣ ማታ ሰው ሲሰበሰብ ይናገሩ። በአገራችን አብዛኛዎቹ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። እብጠቱ ስለማያም ይተዉታል፤ ስሙን መጥራትም ይፈራሉ። አማኑኤል ወይም ጅጋ ላይ አንዲት መምህርት ቆማ "ጡቴ ላይ የማያም ጠጠር ነበር፣ ታከምኩ፣ ይኸው አለሁ" ስትል የምትሰማ እናት ከማንኛውም ፖስተር ይበልጥ ትሰማለች። ለዚህ ድምፅና ጉልበት ያስፈልጋል። 20 ኪሎ ሜትር ሄዶ የወደቀ ሰው መናገር አይችልም።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ታማሚዎች አንድ ጥንቃቄ። መልሱ ለእኚህ እህት ነው። ኬሞ ላይ ያላችሁ፣ ካንሰሩ አጥንት ውስጥ የገባባችሁ፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ያላችሁ፣ ኦፕራሲዮን ከሆናችሁ ገና ሳምንታት የሆናችሁ፣ በዚህ ዕቅድ አትነሱ። አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል የምትወስዱ ደግሞ አጥንት ስለሚያሳሳ ከረጅም ጉዞ በፊት የአጥንታችሁን ጉዳይ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

ከጉዞው በኋላ ስለሚመጣው ሕመምም አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ካንሰር ያየ ሰው እያንዳንዱን ቁርጥማት "ተመለሰ" ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለቱም ጭን፣ ሁለቱም ባት፣ ወገብ በእኩል ቢያምዎትና በሳምንት ውስጥ እየለቀቀ ከሄደ ጡንቻ ነው። ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል እንጂ የሚያሰጋ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ፣ አጥንቱ ላይ፣ በዕረፍትም የማይተው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ግን ቀጠሮ አይጠበቅለትም። ደረጃ ወጥተው ሲወርዱ አዲስ የትንፋሽ ማጠር ካለ፣ ማታ ጠፍጣፋ መተኛት ካቃተዎት፣ ሁለቱም እግሮች ካበጡና ካልወረዱም እንደዚያው ነው፤ ኢኮው ይደገማል። የመስከረሙን የኢኮ ወረቀት አይጣሉት፤ ሐኪሙ ከአዲሱ ጋር የሚያወዳድረው እሱን ነው።